በቆጠራ የዘለልነው አባት

ባለፈው ዓመት ቆቦ አጠገብ ሮቢት ላይ አንድ ዘመዴ ለአዲስ ቤት መሠረት ሲያስቆፍር፣ የቆፋሪው ዶማ ባዶ ቦታ አገኘና አፈሩ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ የጥንት የማሽላ ማከማቻ ጉድጓድ ነበር። ከውስጡ ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የገለባና የአመድ ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታኝ። ቆፋሪዎቹ «እባብ አያጣውም» እየተባባሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፣ እኔ ከጉድጓዱ አፍ ተንበርክኬ መነሣት አቃተኝ፤ ሳልናገረው የኖርኩት ዘመን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተመልሶ መጣ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሌሎች ሰዎችን የዘር ሐረግ በመመርመር ነው። የባላባቱንም የካህኑንም ቤት ትውልድ ከብራና ጠርዝና ከሽማግሌ አፍ ለቅሜ፣ አንዱን ከሌላው አመሳክሬ ጽፌአለሁ፤ ስለ ራሴ ቤት ግን አንድ መስመር እንኳ አላሰፈርኩም። ብዙዎች ይህን እንደ ትሕትና ቆጥረውልኛል። ትሕትና አልነበረም።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው መንገድ በስተምሥራቅ፣ የሆርማት ወንዝ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ በሚበተንበት ቦታ ነበር። የእኛ አገር ገበሬ ዓይኑን የሚጥለው በራሱ ሰማይ ላይ ሳይሆን በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ራስ ላይ ነበር፤ በእኛ ሜዳ ጠብታ ባይወርድም ከላይ ከዘነበ ጎርፉ አፈሩን ተሸክሞ ይመጣ ነበርና፣ ሰዉ በግንድና በድንጋይ፣ በእሾህና በጭቃ ከተር እየሠራ፣ ውሃውን ከወንዙ ጠልፎ በየማሳው ያጠጣ ነበር። ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባሉ ነበር፤ እሳቸው «የእገሌ ተራ ነው» ካሉ ወንድም ከወንድሙ አይጋፋም። ጎርፍ የጠጣ መሬት በአራት በአምስት ቀን ውስጥ ካልተዘራበት ፀሐዩ ይሰነጥቀዋልና፣ ዘሩን ከጎርፉ በፊት አዘጋጅቶ የማይጠብቅ ገበሬ እንደ ሰነፍ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕብድ ይቆጠር ነበር።

በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ሲያሽት፣ እኔና አባቴ በማሳው መካከል በቆመው ማማ ላይ እንውል ነበር። የወፍ መንጋ ከዞብል ተራራ በኩል እንደ ደመና እየተጠቀለለ ሲመጣ፣ እኔ በወንጭፍ እያስፈነጠርኩ፣ አባቴ ጅራፍ እያጮኸ እንመልሰው ነበር፤ መንጋው ሲርቅ ደግሞ አባቴ ዘር ያስቆጥረኝ ነበር። አባቴ ደርበው ቃሉ ጥቂት፣ ቁጣው ቀዝቃዛ ሰው ነበር፤ በቆጠራ ግን ቀልድ አያውቅም። «እኔ የደርበው፣ ደርበው የካሳዬ፣ ካሳዬ የወልዴ፣ ወልዴ የተድላ፣ ተድላ የገብሬ፣ ገብሬ የአይቸው፣ አይቸው የዘውዴ» ብዬ ሰባት ቤት ሳልሰናከል ከወጣሁ፣ ከወገቡ ቋጠሮ አንድ ጭብጥ ቆሎ ይሰጠኝ ነበር፤ ከተሰናከልኩ «ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው ከመንገድ የተለቀመ ነው» ይልና ከሥር ያስጀምረኝ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ወልዴን ነበር፤ የአባቴ አያት፣ የእኔ ቅድመ አያት። ወልዴ የደጋ ሰው ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ከብቱ ሁሉ ባለቀበት፣ ሽማግሌዎች ክፉ ቀን በሚሉት ዘመን ወላጆቹን አጥቶ፣ በእኔ ዕድሜ ብቻውን ወደ ቆላው ወርዶ፣ ግራሩን መንጥሮ፣ ጎርፉን ጠልፎ፣ ይህን ማሳ እንዳቀና አባቴ ይነግረኝ ነበር። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ብቻውን ግራር እንዴት እንደ መነጠረ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ በሚወደው ታሪክ ውስጥ ቀዳዳ አይፈልግም፤ ከልጅ ይልቅ ይህ ስንፍና የሚያሳፍረው በሞያው ቀዳዳ ፈላጊ የሆነውን ሰው ነው።

የሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አምስት ዓ.ም. ረሃብ ከመግባቱ በፊት ያለው ክረምት ጎርፍ ሳያመጣ አለፈ። ሐምሌ ተጋምሶ ነሐሴ ሲገባ አባቴ ማለዳ ማለዳ ወደ ምዕራብ እያየ ይቆም ነበር፤ ተራሮቹ ጥርት ብለው፣ ድንጋያቸው እስኪቆጠር ድረስ ይታዩ ነበር፤ በእኛ አገር ተራራ ሲያምር ክፉ ነው። በኅዳር ያጨድነው ማሽላ ሳይሆን አገዳ ነበር። በጥር ጉድጓዱ ተከፈተ፤ ለክፉ ጊዜ የተቀመጠውን እህል እናቴ በጣሳ እየሠፈረች ታወጣ ነበር፣ ጣሳው መጀመሪያ እስከ አፉ፣ ኋላ እስከ ወገቡ፣ ኋላ እንደው ታቹን ሸፈን አድርጎ። የበልጉም ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። በመጋቢት አባቴ ሁለቱን በሬዎች ወደ ቆቦ ገበያ ነዳቸውና፣ ማታ ሲመለስ አንዲት ቁና እህል በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ፣ ያለ ጅራፉ መጣ። «ጅራፉስ?» ብላ እናቴ ብትጠይቀው «ምን ልነዳበት ብዬ» አላት።

በትልቁ መንገድ ሰው ይፈስ ነበር። ቤተሰብ ሙሉ፣ ምጣዱን ሳይቀር ተሸክሞ፣ ወደ ቆቦ፣ ወደ ጎብዬ፣ ከዚያም ወደ ማያውቁት ቦታ። ስለዚያ መንገድ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ አልፈልግም፤ የሞቱት ሰዎች ስም ነበራቸው፣ እኔ ደግሞ ስማቸውን አላውቅም። አባቴ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «መንገድ የወጣ ገበሬ ወደ ማሳው አይመለስም። ዘሩ እስካለ ድረስ ከዚህ አንንቀሳቀስም።» ዘሩ ከጎተራው ጥግ በቆመ ትንሽ እንስራ ውስጥ፣ ከአመድ ጋር ተለውሶ፣ አፉ በእበት ተመርጎ ተቀምጦ ነበር። ጅጉርቲ የምንለው የማሽላ ዓይነት ነው፤ ቀይ፣ ራሱ እንደ ጡጫ የጠበቀ። አባቴ «ዘር እህል አይደለም» ይል ነበር፤ እኛም ያንን እንስራ እያየን እንደ ድንጋይ እንድንቆጥረው ተምረን ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ የሁለት ዓመቷ እህቴ ታየች ማልቀስ አቆመች። አባቴ ለሁለት ቀን እንጨት ሊሸጥ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ የእንስራው ምርግ ተነሥቶ፣ እናቴ በደጃፍ ተቀምጣ፣ ታየችን ታቅፋ በጣቷ አጥሚት ታልሳት ነበር። እናቴ ለመደበቅ አልሞከረችም።

«ዘሩን ፈጨሁት» አለችው። «ብትመታኝም ምታኝ፤ መጀመሪያ ግን ይቺን ልጨርስላት።»

አባቴ ወደ እንስራው ሄዶ እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ታቹን ዳሰሰና፣ አመድ ብቻ ይዞ ወጣ። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜ ነበር። ልጅቱ ስትውጥ ተመለከተና «ደግ አደረግሽ» አላት፤ ከዚያም ከቤት ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ባዶው ማሳ መካከል ተቀመጠ። አባቴን ከማመሰግንበት ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ያቺ ሁለት ቃል ናት።

ሰኔ እየተገባደደ ሲሄድ በምዕራብ ተራሮች ላይ ደመና መቀመጥ ጀመረ። ሌላ ጊዜ የምንጮህለት ደመና ያን ጊዜ አስፈራን፤ ጎርፉ መጥቶ መሬቱ ጠጥቶ፣ እኛ ያለ ዘር ቆመን ካየነው፣ ከዚያ በኋላ የቀረልን መንገዱ ብቻ ነበርና። ጎረቤት ዘር አልነበረውም፤ ገበያ ላይ ያለው ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ፣ ለመሬታችን የማይስማማ፣ እሱም በእጃችን የሌለን ዋጋ የሚጠይቅ ነበር። አንድ ማለዳ አባቴ ባዶ ስልቻ አውርዶ ለእኔ አሸከመኝና «ወደ ዞብል ግርጌ እንሄዳለን፤ አያ ሙሔ ዘንድ» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «በየትኛው ፊትህ? የወንድማቸው ለቅሶ ላይ እንኳ አልደረስክ።»

«ፊት የጠገበ ሰው ነው የሚመርጠው» አለና ወጣ።

አያ ሙሔ ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ግማሽ ቀን በሜዳው ተጓዝን። ከዞብል ሥር፣ በቁልቋል አጥር የተከበበ ግቢ ደረስንና አባቴ ከበሩ ውጭ ቆሞ እንደ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን የነካ፣ ሶላት ሰግደው ገና ምንጣፋቸውን ያላጠፉ ረጅም ሽማግሌ ብቅ አሉና፣ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አይተው «ደርበው ነህ? መንገዱ ጠፍቶብህ ነው ወይስ እኛ ጠፍተንብህ?» አሉት። ከኋላቸው ቀጭን፣ ዓይኗ የሚስቅ አሮጊት፣ ባለቤታቸው ዘሐራ፣ «ግቡ፣ ግቡ፤ ሰውየውን በር ላይ አታስጨንቀው፤ ያው እኛን ለመብላት የሚበቃ ጥርስም አልቀረው» አለች።

ግቢው የጠገበ ሰው ግቢ አልነበረም። የአሮጊቷ ክንድ ከእኔ አይወፍርም ነበር። ሆኖም ውሃ አቀረበችልንና በቅል ጥቂት የማሽላ ቆሎ አመጣችልን፤ የሐዋርያት ጾም ነበረና አባቴ ሰዓቱ እስኪደርስ ልቆይ ሲል «የጾማችሁትማ ከገና ጀምሮ አይደለም እንዴ! ብላ፤ ቄስህን እኔ አነጋግረዋለሁ» ብላ አሳቀችን። ወደ ላይ ቀና ብዬ ሳይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ጢስ በሚያገኘው ቦታ፣ ቀያይ የማሽላ ራሶች በገመድ ተሰካክተው ተንጠልጥለው ነበር። ዘራቸው ነበር። ከሃያ፣ ከሠላሳ አይበልጥም።

በእኛ አገር ችግረኛ ችግሩን ከመናገሩ በፊት ባለቤቱ እስኪጠይቀው መጠበቅ አለበት። አባቴ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞሩና «ይሄ የማን ነው?» አሉ።

«የመጨረሻው ወንድ ልጄ ነው» አለ አባቴ።

«ቆጠራ ያውቃል? እስቲ ቁጠር፣ ወንድዬ።»

ያን ጊዜ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ስለ ተጠየቅሁ፣ አባቴንም የማኮራበት ጊዜ ስለ መሰለኝ፣ ተነሥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በማማው ላይ እንደ ለመድኩት ሰባቱን ቤት በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። «ካሳዬ የወልዴ፣ ወልዴ የተድላ» ስል የአባቴ እጅ ልብሴን ሲይዘኝ ተሰምቶኝ ነበር፤ የሚያበረታታኝ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ጨርሼ ቆሎዬን ጠበቅሁ።

«ተድላ ማን ነው?» አሉ አያ ሙሔ ቀስ ብለው።

«የደጋ ባለርስት።»

«ወልዴ እንዴት ከዚህ ደረሰ?»

«ብቻውን ወርዶ፣ ግራሩን መንጥሮ…»

ዘሐራ ከት ብላ ሳቀች። «ማሻ አላህ! የአሥር ዓመት ልጅ ግራር የሚመነጥር! በጥርሱ ነው ወይስ በጥፍሩ? ይሄ ልጅ እኮ በእኛ ላይ ድልድይ ሠርቶ አለፈ!»

ሽማግሌው አልሳቁም። አባቴን እያዩ፣ ለእኔ ግን ነገሩኝ። ወልዴ ወደ ቆላው ሲወርድ እግሩ መሄድ አቁሞ፣ ከዚህ ግቢ በር ላይ ወድቆ አገኙት። የሙሔ አያት ይመር የማሽላ ጉድጓዱን ለልጆቹ እየቆጠበ ሳለ፣ ያንን የማያውቀውን የክርስቲያን ልጅ አንሥቶ ወደ ቤት አስገባው። ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ ልጅ ሲያደርግ በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል፤ ያን ጊዜ ማር የት ይገኛል? ይመር አውራ ጣቱን በማሽላ አጥሚት ነክሮ አጠባውና፣ «የሌሎቹ ልጆቼ ወንድም ነው፤ ማተቡን ግን የሚነካበት አይኑር» አለ። ግራሩን የመነጠሩት የይመር ልጆች ናቸው። ጅጉርቲውን የሰጠው ይመር ነው። ወልዴ እስኪሞት ድረስ ሲቆጥር «በደም የተድላ፣ በጡት የይመር» ይል ነበር።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን ዘለለን?» አሉ አያ ሙሔ።

አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ ቆመ። እንደዚያ ቆሞ ሲናገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። «አባቴ ዘለለ» አለ። «የደጋውን ርስት ሲሟገት፣ ዳኞቹ ደም ብቻ ነው የሚቆጠረው አሉት፤ የቆላ እስላም አሳደገው ከተባለ ሙግቱ ይፈርሳል ብለው አስፈራሩት። እኔም ሰማሁ፣ እኔም ዘለልኩ። ልጄንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አላጠፋም።»

«ርስቱስ? አገኛችሁት?»

«አላገኘነውም።»

«እንግዲያው በነጻ ነዋ የካዳችሁን!» አሉና፣ ያን ጊዜ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል እየሆነ እስኪያንገላታቸው ድረስ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፤ ራሱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው «ተቀመጥ። ለምን እንደ መጣህ ልጅህ የያዘው ስልቻ ነግሮኛል። ግን ከአፍህ ልስማው» አሉት።

«ዘር የለንም፣ አያ። ልጅቱን ለማትረፍ በላነው።»

«ልጅቱ ተረፈች?»

«ተርፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ጥሩ አድርጋችሁ በልታችኋል።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ያ መተያየት ምን ያህል እንደ ከበደ የገባኝ ራሴ ባለትዳርና አባት ከሆንኩ በኋላ ነው። እነሱም ያን ጎርፍ የሚጠብቁት በዚያው ዘር ነበር። ዘሐራ መሰላል አስጠግታ፣ «ቢስሚላህ» ብላ፣ የማሽላውን ራሶች አንድ በአንድ አወረደችና ምንጣፉ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደረቻቸው፤ ቀጫጭኑንና ወፋፍራሙን እያፈራረቀች፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው እንዳይበልጥ እየተጠነቀቀች። «ይሄ የእኛ፣ ይሄ የናንተ» አለች። ቀጥላም አንድ እፍኝ ዱቄት በቅጠል ጠቅልላ ለብቻው ሰጠችኝና «ይሄ የትንሿ ነው። እንዳይርባችሁና ዘሩን እንዳታዩት። ዘሩን የበላ እንደሆነ ወላሂ መጥቼ ሆዱን እቀደዋለሁ፤ አባትህንም ጨምሮ» አለችኝ።

ስልቻውን ስሸከም አያ ሙሔ «አሁን ደግመህ ቁጠር» አሉኝ። ከወልዴ ስደርስ ወደ አባቴ ቀና ብዬ አየሁ። አባቴ ከጎኔ ሆኖ «ወልዴ በደም የተድላ፣ በጡት የይመር» አለ፤ እኔም ተከትዬው አልኩ።

ጎርፉ በሐምሌ መጀመሪያ መጣ። የውሃ አባት ከኮረብታው ላይ «ደረሰ! ደረሰ! የደርበው ተራ ነው!» እያሉ ሲጮሁ፣ እናቴ ሳትቀር በከተሩ ላይ ተረባረብን፤ ቡናማው ውሃ ግንድ እየገለበጠ መጥቶ ወደ ማሳችን ታጠፈና እንደ ወተት አረፋ እየደፈቀ ተንጣለለ። በአምስተኛው ቀን ዘራን። በሬ አልነበረንምና አባቴ በዶማ ይቆፍር፣ እኔ ሦስት ሦስት ፍሬ እጥል፣ እናቴ በእግሯ ትደፍን ነበር። በኅዳር ያን ማሽላ አጨድን። ብዙ አልነበረም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ ለእኛ ወደ ገበያ የሚወስድ መንገድ ብቻ ሆኖ ቀረ። አባቴ የመጀመሪያዎቹን ራሶች ተሸክሞ ወደ ዞብል ሄደና ሦስት ቀን ሰንብቶ ተመለሰ፤ ምን እንደ ተነጋገሩ አልነገረንም፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ግን መጣ። እነሱም ያን ዓመት አልፈውታል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር። ነገር ግን አባቴ የደጋ ዘመዶቹ ሲመጡ እንደ ገና በሰባቱ ቤት ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ሰው ነበርና። እኔም አድጌ፣ ተምሬ፣ በየጊዜው በየወረቀቱ ማን እንደሆንኩ ስጠየቅ፣ አጭሩን መልስ ጽፌ አለፍኩ፤ ለርስት ሳይሆን ላለመጠየቅ። ታየች ግን ቆቦ ላይ ሰባት የልጅ ልጆች አይታ፣ አንዱን ይመር ብላ ሰይማለች፤ ከእኛ ሁሉ ያልፈራችው ያቺ የዘሩን አጥሚት የጠጣችው ናት።

ዛሬ በሜዳችን ውሃ በሞተር ከምድር ሥር ይወጣል፤ ዘሩ በተሰፋ ከረጢት ከመደብር ይመጣል፤ ሕፃናት የሚተርፉት ከጎረቤት ጣሪያ በወረደ ማሽላ አይደለም፤ ለዚህም አምላክን አመሰግናለሁ፣ ያን ዘመን የሚናፍቅ ያላየው ነው። ልጆቻችንም ሦስት ስም ይዘው ዓለምን ይዞራሉ፤ ሰባት ቤት ቁጠሩ የሚላቸው የለም። በእኔ ልጅነት ቆጠራውን የሳተ ሰው፣ እያሳቀም እያሳፈረም ቢሆን የሚያርመው ሽማግሌ ከፊቱ ተቀምጦ ያገኝ ነበር። አሁን እኔን የሚያርመኝ ሁሉ ከመሬት በታች ነውና፣ ሳልሞት ይህን ጽፌ በራሴ እጅ አርሜዋለሁ።